ሳተላይቱ አያውቃችሁም፤ የሚያውቃችሁ ስልካችሁ ነው

የአጎቴ ልጅ ባለፈው እሁድ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «አንተ ለምታካብደው ነገር መልሱ ይኸውልህ» የሚል ጨምሮበታል። ማካበድ የሚለው አፕ ሎኬሽን ሲጠይቀኝ ቶሎ «እሺ» የማልል መሆኔን ነው። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አጻጻፉ ደስ ይላል፣ ጸሐፊው ቀልድ ያውቃሉ። መደምደሚያቸው ግን አላስተኛኝም፤ ብዙ ሰው በዚያ አምኖ ስልኩን እንዳለ ክፍቱን ይተወዋል ብዬ ስለፈራሁ ይችን ምላሽ ልጻፍ አልኩ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንደሚሉት ሳተላይት ከላይ ሆኖ ሁላችንንም ስለሚያየን ሎኬሽን መዝጋት ከንቱ ድካም ነው። ክፉ ያልሠራ ሰው ደግሞ የት እንዳለ ቢታወቅበት ምንም አይሆንም። ለዚያውም ስልኩ አስፈቅዶን ነው፣ «እሺ» ያልነው እኛው ነን። በጣም የፈራ ካለ አንድ ቁልፍ ነካ አድርጎ ሁሉንም አጥፍቶ ይገላገል፤ ባትሪ ከመቆጠብ ሌላ የሚያተርፈው ነገር ግን የለም። ሕግም ቢሆን እኛ አገር የለም ይላሉ። በመጨረሻም፣ አድራሻ በሌለበት ከተማ ያለ ሎኬሽን መኖር አይቻልም፣ ስለዚህ ክፍቱን ትታችሁ በሰላም ኑሩ።

በመጨረሻዋ ግማሹን እስማማለሁ። በሌሎቹ ላይ ግን እንነጋገር። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ኋላ «የትኛው 2018?» እንዳትሉኝ።

ከሰማዩ እንጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና። የጂፒኤስ ሳተላይት እናንተን አያያችሁም። ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እየዞረ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ይለፈልፋል፦ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ነው፣ ሰዓቱ ይህን ያህል ነው»። በቃ። ልክ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ቁጠሩት። ማታ ዜና ስትሰሙ ጣቢያው ሳሎናችሁ ውስጥ ማን እግሩን ዘርግቶ እንደተቀመጠ ያውቃል? ስልካችሁም የሬዲዮኑን ሥራ ነው የሚሠራው። ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ወሬ ያዳምጣል፣ እያንዳንዱ ምልክት እስኪደርስ የፈጀበትን ጊዜ ያሰላል፣ ከዚያ «አሃ፣ ያለሁት እዚህ ጋ ነው» ይላል። ለራሱ። ስሌቱ ያለቀው ኪሳችሁ ውስጥ ነው፤ ሰማዩ ስለ ውጤቱ የሰማው ነገር የለም።

ካላመናችሁኝ ሞክሩት። የከተማችሁን ካርታ አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ሲሙን አውጡ፣ ዋይፋዩንና ብሉቱዙን ዝጉና ሰማይ በሚታይበት ደጅ ቁሙ። ትንሽ ትቆያለች እንጂ ሰማያዊዋ ነጥብ ትመጣለች፤ ስትራመዱም እየተከተለች ትሄዳለች። በዚያች ሰዓት የት እንዳላችሁ የምታውቀው ያቺ ስልክ ብቻ ናት፣ የምታወራበትም መንገድ የላትም።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። በ2022 ከወጣው አይፎን 14 ጀምሮ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ለአደጋ ጊዜ በሳተላይት መልእክት የሚልኩ ስልኮች አሉ። እነሱ በእርግጥም ወደ ሰማይ ይናገራሉ። ግን እሱ ሌላ ሳተላይት ነው፣ ሥራውም ሌላ ነው፤ ሰውዬው ራሱ ስልኩን ወደ ሳተላይቱ አዙሮ ይዞ ነው መልእክቱ የሚሄድለት። ጸሐፊው ያወሩት ስለዚህ አይደለም።

በነገራችን ላይ የጂፒኤስ ባለቤት የአሜሪካ ጦር መሆኑ ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ እረዳለሁ። ለሲቪሉ ክፍት እንደሚሆን የተነገረው በ1983 አንድ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መንገዱን ስቶ የሶቭየት ክልል ውስጥ ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ስህተት ነበረው፣ መቶ ሜትር ያህል ሊያስታችሁ ይችል ነበር። ያ የተነሳው በ2000 ነው። ዛሬ ሩሲያም ግሎናስ፣ አውሮፓም ጋሊሊዮ፣ ቻይናም ቤይዱ አላቸው፤ ስልካችሁ ሁሉንም ያዳምጥ ይሆናል። ማዳመጥ ግን መናገር አይደለም፣ አንዳቸውም ዘንድ የእናንተ ስም የለም።

ለምን እዚህች ላይ ሙጭጭ አልኩ? ነገሩ ሰማይ ላይ ነው ካልን እጅ ከመስጠት ሌላ ምን ይቀረናል፣ ማን ወጥቶ ይዘጋዋል? ኪሳችን ውስጥ ከሆነ ግን ጣታችን ይደርስበታል። እኔ ስልኬ የት እንዳለሁ ቢያውቅ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ያወቀውን ለማን እንደሚናገር፣ ምን ያህል አስጠግቶ እንደሚናገር፣ እስከ መቼስ ሲናገር እንደሚቆይ እኔ ሳልወስን ሲቀር ነው። ከዚህ በታች የማወራው በሙሉ ስለዚህ ነው።

ጸሐፊው ቢፈልጉ ኖሮ ከሳተላይቱ የተሻለ መከራከሪያ ነበራቸው፤ እንዲያውም ላውሳቸው። አንቴናው። ጂፒኤሱን ብትዘጉም ሲሙ እስከሠራ ድረስ ስልኩ በአቅራቢያው ካለ አንቴና ጋር ይነጋገራል፤ የኔትወርኩ ድርጅትም በየትኛው አንቴና ሥር እንዳላችሁ ያውቃል፣ ካላወቀ ጥሪውን የት ያደርስላችኋል? ይህን የሚዘጋ ቁልፍ የለም፣ ስልኩን ከማጥፋት ወይም ኤርፕሌን ሞድ ከማድረግ በስተቀር። ግን እዚህም ቢሆን «ምንም ማድረግ አይቻልም» ትክክል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የካርፔንተር ጉዳይ ተብሎ የሚታወቅ ክስ አለ። ሰውዬው በዘረፋ ተጠርጥሮ መርማሪዎች የብርበራ ማዘዣ ሳያወጡ የ127 ቀን የአንቴና መዝገቡን አገኙ፤ 12,898 የቦታ ነጥብ ነበረበት፣ በቀን መቶ ያህል ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ለማግኘት ማዘዣ ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። በዘረፋ ለተከሰሰ ሰው ነው እንግዲህ። በ2024 ደግሞ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ትልልቆቹን የስልክ ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ሎኬሽን በአግባቡ ሳያስፈቅዱ ለሌላ አሳልፈው ሰጥተዋል ብሎ በድምሩ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀጣቸው። ድርጅቶቹ ቅጣቱን ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄደዋል። ይሂዱ። ቁልፍ በሌለበት ቦታ ሰው በዳኛ ይከራከራል፣ ዝም ብሎ አይተኛም።

ወደ ሁለተኛዋ። «ክፉ ያልሠራ ምን ያስፈራዋል?»

እስቲ ከመካከላችን «እየደረስኩ ነው» ብሎ ሲያበቃ ገና ካልሲውን ሲፈልግ የማያውቅ ይምጣ። እኔ ራሴ «መገናኛን አለፍኩ» ያልኩት ከነፎጣዬ ሆኜ ነው። ሁላችንም ቀኑን ሙሉ በላይቭ ሎኬሽን፣ በምንሄድበት ሁሉ በምትከተለን ነጥብ፣ ብንታይ ኖሮ አዲስ አበባ ውስጥ የሚተርፍ ወዳጅነት የለም! ይሄ ውሸት ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ፣ እሺ ነው። ግን ሰው የሚደብቀው ውሸቱን ብቻ አይደለም። ሌላ ሥራ ሊፈተን የሄደ ከአለቃው ይደብቃል። ምርመራ የሄደች ልጅ እናቷ እንዳትጨነቅ ትደብቃለች። ጸበል የሚመላለስ ሰው ለጎረቤት አያወራም። ከሚመታት ባሏ ሸሽታ እህቷ ቤት ያረፈች ሴትስ? ከነዚህ ውስጥ ክፉ የሠራ የቱ ነው?

የደላላውን ልንገራችሁ። የሚከራይ ቤት ሊያሳየኝ ቀጠሮ ይዘን፣ መንገድ ላይ እንዳንተላለፍ ላይቭ ሎኬሽን ላክሁለት። ሦስት ምርጫ ነው የመጣልኝ፦ 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት፣ 8 ሰዓት። ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ ቆሜ ነበርና በአውራ ጣቴ የደረስኩባትን ነካሁ፤ 8 ሰዓቷ ነበረች። ተገናኘን፣ ቤቱን አየሁ፣ «አስቤበት እደውላለሁ» ብዬ ተለያየን። ማታ 2 ሰዓት ላይ ደወለ።

«ወንድሜ፣ እዚያ ሰፈር ነው እንዴ የምትኖረው? እኔ እኮ አቅሙ አይሆንም ብዬ ነው ያንን ያሳየሁህ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያመጣልኝ ቤት ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነካ። እኔ እዚያ ሰፈር የምኖረው ዘመድ ቤት ተጠግቼ መሆኑን ሎኬሽኑ አይናገርማ። ነጥቧ እውነት ተናገረች፣ ደላላው ግን የተረዳው ሌላ ነው። ደላላ ይቅር ይባል፤ አሠሪ፣ ባንክ ወይም ፖሊስ ነጥቧን እንዲሁ አንብቦ ቢፈርድስ?

ጸሐፊው መቼም «ይህ ስምህን ለሚያውቅ ሰው ስለላክህ ነው፣ አፖቹ የሚሰበስቡት ስም የሌለው ነጥብ ነው» ይላሉ፤ ጽሑፋቸው ውስጥም አንድ ቦታ ጠቀስ አድርገውታል። ስም አያስፈልግም እኮ። የመጋጠሚያ ቁጥር፣ ማለትም ቦታችሁን ካርታ ላይ የሚያመለክተው ቁጥር፣ ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ አራት አሃዝ ከኖረው 11 ሜትር ያህል ያስጠጋል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንዲት ግቢ ውስጥ የምታድር፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንድ ቢሮ የምትገኝ ነጥብ ካለች፣ የዚያን ግቢ ዘበኛ መጠየቅ ነው የሚቀረው። በ2019 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እጅ የ12 ሚሊዮን ስልኮች ከ50 ቢሊዮን በላይ ነጥቦች ገብተው ነበር። ስም አልነበረባቸውም። ጋዜጠኞቹ ግን የሥራና የመኖሪያ ቦታ እያገናኙ የሰዎችን ማንነት አወጡ።

ወታደሮችም ሳይደብቁ ተጋልጠዋል። ስትራቫ የተባለው የሯጮች አፕ በ2017 መጨረሻ የተጠቃሚዎቹን እንቅስቃሴ ሁሉ ደራርቦ የሚያሳይ የዓለም ካርታ አወጣ። ስም የለ፣ ፊት የለ፤ ሰው የሮጠበት መንገድ ብቻ ያበራል። ከሁለት ወር በኋላ አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታውን ሲያገላብጥ ሶርያና አፍጋኒስታን ውስጥ፣ በጨለማው መሐል፣ የሚያበሩ ክቦች አየ። ካምፕ ናቸው። ወታደሮቹ ጠዋት ጠዋት አጥሩን ተጠግተው ሲሮጡ አፑ እየሣለላቸው ነበር። ስፖርት መሥራት ክፉ ሥራ ሆኖ ነው?

አሁን «ፈቅዳችኋል» ወደምትለው። እኔን ከሁሉ በላይ ያበሳጨችኝ ይህቺ ናት።

መብራት ጠፍቶ በጨለማ ባትሪ የሚያበራ አፕ ያወረዳችሁበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ? ያኔ ብዙ ስልክ ላይ ፋኖሱ አብሮ አይመጣም ነበር። በአንድሮይድ ላይ በአሥር ሚሊዮኖች ጊዜ የወረደ እንዲህ ያለ አንድ አፕ ነበር። የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን በ2013 ሲከሰው ምን ተገኘ? አምፖል ከማብራት ጋር የተጠቃሚውን ሎኬሽን ለማስታወቂያ ድርጅቶች ይልክ ነበር። ይባስ ብሎ የስምምነት ገጹ ላይ «እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አስቀምጧል፤ ተጠቃሚው አንዱን ሳይነካ ገና መረጃው መሄድ ጀምሯል። እንግዲህ የፈቀደው ማን ነው? ሰውዬው የፈለገው ሻማ ያለበትን መሳቢያ ማየት ነው።

ፈቃዱ ራሱ ያኔ ምን ይመስል እንደነበርም እናስታውስ። እስከ አንድሮይድ 6፣ ማለትም እስከ 2015 ድረስ፣ አፑን ስትጭኑ ዝርዝሩን በሙሉ ትቀበላላችሁ፣ ካልሆነ አፑ አይጫንም። ወይ ሁሉን ወይ ምንም። ይሄ ፈቃድ ከተባለ፣ ሰርግ የደገሰ ሰው ለምሳ የከፈተውን በር ለማደሪያም ፈቅዶልኛል ማለት ይቻላል።

ደግሞ የሰጠነው ፈቃድ ሳንሰማ የሚሰፋበት ጊዜ አለ። ኡበር በ2016 መጨረሻ አፑን ሲያድስ የመንገደኛውን ሎኬሽን ከወረደ በኋላም እስከ አምስት ደቂቃ መሰብሰብ ጀመረ። ከመኪናው ወርዳችሁ፣ የየትኛውን ቤት በር እንዳንኳኳችሁ ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል እኮ። ሰው ጮኸ፣ በዓመቱ ግድም ኡበር ተወው። የጮኹትን አካባጆች እንበላቸው?

ሌላም አለ። የሶላት ሰዓትና ቂብላ የሚያሳይ፣ ሙስሊም ፕሮ የሚባል አፕ አለ። ቂብላን ለማወቅ ሎኬሽን የግድ ነው፣ እዚያ ላይ ማንም አይከራከርም። በ2020 ግን የተጠቃሚዎቹ ሎኬሽን ኤክስ-ሞድ ወደተባለ የመረጃ ነጋዴ እንደሚሄድ፣ ከነጋዴው ደንበኞች መካከልም ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ኮንትራክተሮች እንዳሉበት ተዘገበ። አፑ ወዲያው ግንኙነቱን አቋርጫለሁ አለ። በ2024 የንግድ ኮሚሽኑ ኤክስ-ሞድን እንደ ሐኪም ቤትና ጸሎት ቤት ያሉ ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎችን የሚያሳይ ሎኬሽን እንዳይሸጥ አገደው። ሰጋጁ የፈቀደው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ለማወቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አልጠየቀውም።

«አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ተገላገሉ» ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የተሳሳተችው። አንደኛ፣ ቁልፉ የሚለውን ላያደርግ ይችላል። በ2018 አሶሼትድ ፕሬስ ባወጣው ምርመራ ጉግል ላይ «የሎኬሽን ታሪክ» የሚለውን ያጠፋ ሰው እንኳ ሎኬሽኑ በሌላ ስም ባለ ሴቲንግ በኩል ይቀመጥ ነበር። ሴቲንጉ ስሙ ውስጥ ሎኬሽን የሚል ቃል የለበትም፤ «የድርና የመተግበሪያ እንቅስቃሴ» ነው የሚለው። ማን ጠርጥሮ እዚያ ይገባል? በ2022 ጉግል ለ40 የአሜሪካ ግዛቶች 391.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ2017፣ አንድሮይድ ስልኮች ሎኬሽን ተዘግቶ፣ ሲም እንኳ ሳይኖርባቸው፣ በአቅራቢያቸው ያለውን አንቴና መለያ ለጉግል ሲልኩ ተደርሶባቸው ነበር፤ ኩባንያው ያንን አቆማለሁ አለ። ሰዎቹ ቁልፉን ተጭነዋል። ቁልፉ ነው ያልታዘዛቸው።

ሁለተኛ፣ ቁልፉ ቢታዘዝም ሁሉን ማጥፋት ማንንም አያዛልቅም። ዛሬ ታጠፉታላችሁ፤ ነገ ዝናብ ላይ ቆማችሁ ራይድ ስትጠሩ ትከፍቱታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመት በዓሉ ድረስ ትረሱታላችሁ። ሹፌሩ ደግሞ ጭራሽ ማጥፋት አይችልም። ዋሽንግተን አካባቢ ኡበር የሚነዱትን የኛን ልጆች ጠይቋቸው፣ ሎኬሽን ከጠፋ እንጀራው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍት ወይም ዝግ ብሎ ነገር አያዋጣም፤ ለዚህም ነው ስልክ ሠሪዎቹ ራሳቸው ዓመት እየቆጠሩ መሐሉን የከፈቱት። አይፎን በ2014 አፑን ስትጠቀሙበት ብቻ የሚል ምርጫ አመጣ። በ2019 «ለዚህች ጊዜ ብቻ» ጨመረ፤ አንድሮይድም በዚያው ዓመት ከጀርባ ሆኖ መከታተልን ለብቻው የሚፈቀድ አደረገው። በ2020 አይፎን፣ በ2021 አንድሮይድ፣ ትክክለኛውን ነጥብ ሳይሰጡ በግምት ያለውን አካባቢ ብቻ መስጠት ቻሉ። በአንድሮይድ ግምቱ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ «ቦሌ አካባቢ» እንደማለት ነው። ለአየር ጠባይ አፕ ከዚህ በላይ ምን ያደርግለታል? ዝናቡ የሚጥለው በኔ ኮርኒስ ላይ ብቻ ነው?

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ጊዜ ሴቲንግ ከፍተው ቢያዩ ደስ ይለኛል። ሎኬሽን የሚለው ውስጥ ሲገቡ የአፕ ዝርዝር ይመጣል። «ሁልጊዜ» የተፈቀደላቸው የትኞቹ ናቸው? እኔ ባለፈው ወር ስከፍተው አንድ የቁልፍ ሰሌዳ አፕና ልጄ የጫነችው የከረሜላ ጨዋታ እዚያ ተቀምጠው አገኘሁ። የከረሜላ ጨዋታ! ሁለቱንም ነቀልኩ፤ ጨዋታውም ሳይቀየም መሥራቱን ቀጠለ። ታክሲውን «ስጠቀምበት ብቻ» አልኩት፣ አየር ጠባዩን በግምት። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ካሜራውንም እዩት። ሎኬሽን የተፈቀደለት ካሜራ ፎቶው ውስጥ መጋጠሚያ ቁጥሩን ይጽፋል። ዋትስአፕ ላይ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጠፋል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን አብሮ ይሄዳል። ሶፋ ልትሸጡ ሳሎናችሁ ውስጥ ያነሳችሁትን ለማታውቁት ገዢ በፋይል ስትልኩ፣ ከሶፋው ጋር የበራችሁን ቁጥር እየሰጣችሁት ነው።

ቴሌግራም ላይ የነበረውን «አቅራቢያዬ ያሉ ሰዎች» የሚለውንም ብዙዎቻችን ለቀልድ ከፍተነው እናውቃለን። የሚያሳየው ርቀት ብቻ ነበር፣ ይህን ያህል ሜትር ይል ነበር። በ2021 አንድ ተመራማሪ ከሦስት ቦታ ሆኖ ርቀቱን እየለካ የሰውየውን ትክክለኛ ቦታ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ቴሌግራም በ2024 አገልግሎቱን ዘጋው። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ራሱን ክፍት አድርጎ የረሳ ሰው ስንት ነው?

ባትሪውን ባጭሩ ልለፈው። እውነት ነው፣ ጂፒኤስ ባትሪ ይበላል፣ በተለይ ከጀርባ ሆኖ ሲሠራ። ጸሐፊው ግን ጥቅሙ ያ ብቻ ነው ማለታቸው በሩን የምንቆልፈው ብርድ እንዳይገባ ብቻ ነው እንደማለት ነው።

«እኛ አገር ሕግ የለም» የሚለውም ጊዜው አልፎበታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ይህቺ 2016 የኛዋ ናት፣ በፈረንጆቹ 2024። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕጋችሁ ሎኬሽንን ከግል መረጃዎች አንዱ አድርጎ በስሙ ጠርቶ ጽፎታል። አዋጅ ወጣ ማለት ነገ ጠዋት አፕ ሁሉ ጨዋ ይሆናል ማለት አይደለም፣ ያን ያህል የዋህ አይደለሁም። ግን «የለም» ብሎ ሰውን ማስተኛት ጥሩ አይደለም፤ የሌለ ነገር ማንም አይጠይቅም።

የቀረችው አድራሻ ናት፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። «ከዳቦ ቤቱ ገባ ብለህ፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ፣ ሰማያዊ በር፣ ውሻ አለ» እየተባባልን ስንት ዘመን ኖርን። ሎኬሽን ላክልኝ፣ ሎኬሽን ላኪልኝ ማለት ዛሬ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ሆኗል፣ እኔም እላለሁ። አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት የምታድርበትን መንገድ ስም ላታውቀው ትችላለች፤ በቋንቋው ማንበብም ላትችል ትችላለች። አንዲት ፒን፣ ያለችበትን ካርታ ላይ የምታሳይ ነጥብ፣ ለእህቷ ብትልክ ግን የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው አላት ማለት ነው፤ ነገር ቢመጣ ከየት ፈልጉኝ ትላለች? ይህን ማንም እንዲነካባት አልፈልግም።

ግን ልብ በሉ፤ ያችን ፒን የላከችው እሷ ናት። ለማን እንደምትልክ የመረጠችው እሷ ናት። አሠሪዋ በስልኳ ላይ መከታተያ ጭኖ ጓሮ ወጥታ ስትቆም ቢያያት፣ ሳተላይቶቹ ያው ናቸው፣ ነጥቧም ያችው ናት። ልዩነቱ የላከው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ጸሐፊው «ክፍቱን ተዉት» ሲሉ ሁለቱን አንድ እያደረጉብን ነው።

ደግሞ ፒን መላክና ላይቭ መላክ ለየብቻ ናቸው። ፒን አንዴ የተሰጠ ነጥብ ነው፣ ከዚያ ብትንቀሳቀሱ አይከተላችሁም። ለዕቃ አድራሽ የቤቴን በር አልክም፣ ሱቁን ነው የምልክለት፤ ወርጄ እቀበለዋለሁ። ለእናቴ ግን ሌሊት ከአገር ቤት ስመለስ ላይቭ እልክላታለሁ፣ እስክገባ አትተኛማ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ልጅ በስልክ ስነግረው ቆይቼ «እሺ ባክህ፣ ና ቤት ቡና ጠጣና እንጨርሰዋለን» አለኝ። በቅርቡ ቤት ቀይሯል፣ አዲሱን አላውቀውም። ሎኬሽን ላክልኝ አልኩት።

ላይቭ ላከልኝ። 8 ሰዓት። ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ቤቱም ወዴትም ላይሄድ።